ጸሎቱን ተከተሉ፦ በ«ሮቢንሰን ክሩሶ» እና በ«ጄን ኤር» ውስጥ እምነት እንዴት ያድጋል?

ሮቢንሰን ክሩሶ መርከቡ ተሰብሮ ሰው አልባ ደሴት ላይ ከወደቀ ዘጠነኛ ወሩ ነው። ብርድ ብርድ እያለ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት ይዞት ቀናት አልፈዋል፤ ውኃ የሚያቀብለው ሰው እንኳ አጠገቡ የለም። የብራዚል ሰዎች ለሕመም ሁሉ ትምባሆ ሲጠቀሙ ማየቱ ትዝ ይለውና ከመርከቡ ያወጣውን ሳጥን ይከፍታል። ትምባሆውን ያገኛል፤ ከእሱ ጋር ደግሞ እስከዚያ ቀን ገልጦ ያላነበበውን መጽሐፍ ቅዱስ ያገኛል። ለነፍስም ለሥጋም የሚሆን ፈውስ ሳጥኑ ውስጥ ነበር ይላል። አማርኛም ለሁለቱም አንድ ቃል አለው፤ መድኃኒት።

ክሩሶ የትምባሆውን አወሳሰድ ስለማያውቅ በሦስት መንገድ ይሞክረዋል። አንድ ቅጠል ያኝካል፣ ጥቂቱን ለአንድ ሁለት ሰዓት ሩም በሚባለው አረቄ ይዘፈዝፋል፣ የቀረውን ፍም ላይ ጥሎ ጢሱን ይታጠናል። በዚህ መሀል መጽሐፉን ሲገልጥ ዓይኑ የሚያርፈው መዝሙር 50፥15 ላይ ነው (በግዕዙ አቆጣጠር መዝሙር 49)፤ «በመከራ ቀን ጥራኝ፤ አድንህማለሁ፥ አንተም ታከብረኛለህ።» ከመተኛቱ በፊት ተንበርክኮ ይጸልያል፣ የተዘፈዘፈውን ይጠጣል፣ ከዚያ እንቅልፍ ይጥለዋል።

ልጆች እንዲያነቡት አጥረው የተዘጋጁ ብዙ እትሞች ይህን ገጽ ይዘሉታል። የሚቀረው ፍየል፣ ጃንጥላ፣ በቀቀንና አሸዋ ላይ የታየው የእግር ዱካ ነው። መጽሐፉ የጀብዱ ታሪክ ብቻ የሚመስላቸው አንባቢዎች የበዙትም በዚህ ምክንያት ነው። ዳንኤል ዴፎ በ1719 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ያሳተመው ሙሉው መጽሐፍ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ የአንድ ነፍስ ታሪክ ነው።

በእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ውስጥ መንፈሳዊ ዕድገትን ለማየት ከሁሉ የሚሻለው ዘዴ ቀላል ነው። ዋናው ባለታሪክ በጸለየ ቁጥር ገጹን ምልክት አድርጉበትና ሦስት ነገር ጠይቁ። ምን እየለመነ ነው? የለመነውን ካገኘ ወይም ካጣ በኋላ ምን አደረገ? ካለፈው ጸሎቱ በምን ይለያል? ባለታሪኩ ስንት ጥቅስ በቃሉ እንደሚያውቅ መቁጠር የትም አያደርስም፤ ክፉዎቹም ጥቅስ ያውቃሉ። የሚለወጠው ልመናው ነው።

ንስሐ አባት የሌለው ምእመን

ይህ ዘዴ ለምን እንደሚሠራ ለመረዳት የ17ኛውን ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ማወቅ ያስፈልጋል። ከተሐድሶው በኋላ ለካህን መናዘዝ ከብዙኃኑ ሕይወት ወጣ። እኛ ዘንድ ምእመኑ ንስሐ አባት አለው፤ ጠያቂም መካሪም ቀኖና ሰጪም እሱ ነው። ፒዩሪታኑ እንግሊዛዊ (ቤተ ክርስቲያንን ከቀድሞው ሥርዓት ይበልጥ ማጥራት የሚፈልገው ፕሮቴስታንት) ግን ይህን ሁሉ ለራሱ ራሱ ማድረግ ነበረበት። መሣሪያው ማስታወሻ ደብተር ሆነ። ዛሬ ምን በደልኩ? እግዚአብሔር በምን አስጠነቀቀኝ? ምን ምሕረት አደረገልኝ? እያለ ይጽፍ ነበር። ዴፎ ራሱ ከመንግሥት ቤተ ክርስቲያን በተለዩት ተቃዋሚዎች መካከል ያደገና በእነሱ ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ነው። ክሩሶ ደሴቱ ላይ ቀለሙ እስኪያልቅ የሚጽፈው ደብተር፣ መከራውንና በጎውን እንደ ነጋዴ ሒሳብ ግራና ቀኝ አድርጎ የሚያወዳድርበት ሠንጠረዥ የመጡት ከዚህ ልማድ ነው።

ከዴፎ በፊት መንገዱን የጠረገው ጆን ቡንያን ነው። ያለ ፈቃድ ሰበከ ተብሎ 12 ዓመት ቤድፎርድ ላይ ታስሮ የኖረ ሰው ሲሆን፣ የነፍስን ጉዞ እንደ እግር መንገድ አድርጎ የተረከበት መጽሐፉ በ1678 ታተመ። ይህ መጽሐፍ ለአማርኛ አንባቢ ሩቅ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አካባቢ ወደ አማርኛ ተተርጉሟል፤ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ «ወዳጄ ልቤ»ም የቡንያን አሻራ እንዳለበት የሥነ ጽሑፍ ታሪክ አጥኚዎች ይናገራሉ። በቡንያን ዓለም ግን የሰዎቹ ስም ማንነታቸውን ይነግራችኋል፤ ክርስቲያን የተባለው ክርስቲያን ነው፣ ግብዝ የተባለውም ግብዝ። ልብ ወለድ ሲመጣ ይህ መለያ ተነሣ። ክሩሶ ክሩሶ ነው፤ ደግነቱንና ክፋቱን መለየት የአንባቢው ሥራ ሆነ።

የክሩሶ ጸሎቶች በተራ

የመጀመሪያው ጸሎት የሚመጣው ገና በወጣትነቱ፣ አባቱን አልሰማ ብሎ በ1651 ከሀል ወደብ የተሳፈረ ጊዜ ነው። ማዕበል ይነሣል፤ «ከዚህ ካወጣኸኝ በቀጥታ ወደ አባቴ ቤት እመለሳለሁ» ብሎ ይሳላል። ባሕሩ ጸጥ ሲል መርከበኞቹ መጠጥ ይበጠብጣሉ፤ ስለቱ በአንድ ሌሊት ስካር ይጠፋል።

ሁለተኛውን ከጸሎት ይልቅ ምስጋና ማለት ይቀላል። ደሴቱ ላይ ሳይዘራው ገብስ በቅሎ ያያል፤ አሥር ወይም አሥራ ሁለት ዛላ። እግዚአብሔር ተአምር ሠራልኝ ብሎ ያለቅሳል። ቆይቶ ግን የዶሮ መኖ የነበረበትን ከረጢት እዚያው ቦታ ማራገፉ ትዝ ይለዋል፤ ምስጋናውም ይቀዘቅዛል። ዴፎ እዚህ ላይ ጥልቅ ነገር ያያል። ከረጢቱ ውስጥ አይጥ ካበላሸው እህል ጥቂት ፍሬ ጤነኛ ሆኖ መቅረቱ፣ ያውም የድንጋይ ጥላ ያለበት ቦታ ላይ መውደቁ፣ ከሰማይ እንደ ወረደ የሚያስመሰግን ነበር። ሌላ ቦታ ላይ ቢያራግፈው ፀሐይ ያቃጥለው ነበር። እንግሊዝኛው ፕሮቪደንስ የሚለው፣ የእኛ ሊቃውንት መግቦት የሚሉት ይህንን ነው፤ ምክንያት ያለው ነገር ሁሉ ከእግዚአብሔር እጅ ውጭ ነው ማለት አይደለም።

ሦስተኛው በመሬት መንቀጥቀጡ ጊዜ ነው። «ጌታ ሆይ ማረኝ» ከሚል የአፍ ልማድ በቀር ሌላ አልወጣውም፤ መንቀጥቀጡ ሲያበቃ እሱም አበቃ።

ከዚያ ትኩሳቱ ይመጣል። በቅዠቱ ከጥቁር ደመና በእሳት ነበልባል የሚወርድ ሰው ጦር ይዞ ይታየዋል፤ ይህ ሁሉ ነገር ወደ ንስሐ አላመጣህምና አሁን ትሞታለህ ይለዋል። ነቅቶ ኑሮውን ወደ ኋላ ሲመለከት፣ ሲድንም ሲታመምም እግዚአብሔርን አስቦ እንደማያውቅ ያስተውላል። ትምባሆውና መዝሙሩ የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። ያ ጸሎት ግን ገና ግማሽ ነው፤ «አድንህማለሁ» የሚለውን ከደሴቱ ማውጣት አድርጎ ነው የተረዳው። እዚያ መኖሩን ማንም ስለማያውቅ ተስፋውን ይጠራጠረዋል።

የመጽሐፉ እምብርት ከዚያ በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ውስጥ ነው። መጀመሪያ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል፤ ከሕመሜ አልዳንኩም እንዴ? አምላኬን ስለዚህ መች አከበርኩት? ጁላይ 4 ጧት ከአዲስ ኪዳን ይጀምራል፤ በየጧቱና በየማታው ሊያነብ ራሱን ያስገድዳል። ክርስቶስ ንስሐንና የኃጢአትን ስርየት ይሰጥ ዘንድ ከፍ ከፍ እንዳለ የሚናገረው የሐዋርያት ሥራ 5፥31 ላይ ሲደርስ መጽሐፉን ጥሎ እጁን ወደ ሰማይ ይዘረጋና ይጮኻል። የሚለምነው ጀልባ አይደለም፤ ንስሐን ስጠኝ ይላል። በእውነተኛው ትርጉም ጸለይኩ የምለው በዕድሜዬ ይህ የመጀመሪያው ነው ብሎም ይጽፋል። ከዚያ ወዲያ መዳን የሚለው ቃል ለእሱ ከኃጢአት ሸክም መውጣት ማለት ሆነ፤ ከብቸኝነቱ እንዲያወጣው መለመኑን እንኳ ተወ።

ደሴቱ ያው ደሴት፣ ዋሻው ያው ዋሻ ነው። የተለወጠው የአንዲት ቃል ትርጉም ብቻ ነው፤ ዕድገቱም እሱ ነው።

ዓመት ሲሞላው፣ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1660፣ ክሩሶ ይጾማል። እህል ውኃ ሳይቀምስ 12 ሰዓት ቆይቶ ፀሐይ ስትጠልቅ አንድ ደረቅ ብስኩትና አንድ ዘለላ ወይን ይበላል። ደወል የለም፣ ካህን የለም፣ የቀኑን ቁጥር የሚነግረው በቢላ የተቆረጠ የእንጨት ምሰሶ ብቻ ነው። ጾም ለሚያውቅ አንባቢ ከዚህ የበለጠ ቅርብ ገጽ በመጽሐፉ ውስጥ የለም።

እዚህ ላይ ዕድገቱ ተፈጽሟል ብሎ መጽሐፉን የሚዘጋ አንባቢ ይሳሳታል። ከዓመታት በኋላ አሸዋው ላይ ያ ዱካ ሲታየው ፍርሃቱ ሃይማኖታዊ ተስፋውን ሁሉ አባረረው። በሰላምና በምስጋና የሚጸልይ የነበረው ሰው እንደገና ከጭንቅ ብቻ የሚጸልይ ሆነ፤ በፍርሃት ተይዞ በሚገባ መጸለይ እንደማይቻልም ራሱ ይመሰክራል። ኋላ ደግሞ ዓርብ ብሎ የሰየመውን ወጣት ሲያስተምር፣ እግዚአብሔር ከሰይጣን የሚበረታ ከሆነ ለምን አይገድለውም ተብሎ ይጠየቃል። ክሩሶ መጀመሪያ እንዳልሰማ ይሆናል። ሲደገምበት የማያጠግብ መልስ ይመልሳል፤ በመጨረሻም ዓርብን ሩቅ ያለ ነገር አምጣ ብሎ ይልክና ብቻውን ይጸልያል። ይህኛው ጸሎት ስለ ራሱ አይደለም፤ የሌላውን ነፍስ እንዳያሳስት እውቀት ይለምናል። በተራው ውስጥ ከሁሉ ከፍ ያለው ይህ ነው ብንል አልተጋነነም።

የማይጸልይበት ነገርም አለ፤ እሱም መታለፍ የለበትም። ከባርነት አብሮት ያመለጠውን ዙሪ የተባለ ልጅ በ60 የብር ሳንቲም ለመርከብ አለቃ አሳልፎ ሰጥቶታል። ብራዚል ገብቶ እርሻ ሲያለማ ዙሪን መስጠቴ ስሕተት ነበር ይላል፤ የሚቆጨው ግን የሚያግዘው ሰው በማጣቱ ነው። ደሴቱ ላይ የጣለው ጉዞም ባሪያ ሊያመጣ ወደ አፍሪካ የሄደበት ነበር። በንስሐው ዝርዝር ውስጥ ለአባት አለመታዘዝ አለ፣ ምስጋና ማጣት አለ፤ ሰው መሸጥ ግን የለም። ዘመኑ ዓይኑን የሸፈነበትን ኃጢአት ባለታሪኩም ደራሲውም አላዩትም። ይህን መናገር መጽሐፉን ማዋረድ አይደለም፤ ራስን መመርመር ብቻውን ሁሉን እንደማይገልጥ የሚያሳየው ማስረጃ ይኸው ነው።

ጄን ኤር፦ በክርስቲያኖች መካከል ክርስቲያን መሆን

ክሩሶ ብቻውን ነው። የሻርሎት ብሮንቴ ጄን ችግሯ ሌላ ነው፤ ዙሪያዋን የከበቡት ሰዎች ሁሉ ክርስቲያን ነን ይላሉ። ብሮንቴ በዮርክሺር ሃዎርዝ የአንግሊካን ቄስ ልጅ ነበረች፤ መጽሐፉን በ1847 ያወጣችው ከረር ቤል በሚል የብዕር ስም ነው።

የአሥር ዓመቷ ጄን ብሮክልኸርስት በሚባል ሰው ፊት ለጥያቄ ትቀርባለች። ገሃነም ምንድን ነው? እሳት የሞላበት ጉድጓድ። እዚያ እንዳትገቢ ምን ታደርጊያለሽ? ጤናዬን ጠብቄ አለመሞት። አንባቢ ይስቃል፤ መስፈርያችንን ከያዝን ግን ይህ የመነሻ ነጥቧ ነው። መዳን ለእሷ ገና አለመሞት ነው።

ብሮክልኸርስት የሎውድ የሴቶች ልጆች ትምህርት ቤት ኃላፊ ነው። የተቃጠለ ገንፎ መብላት ላቃታቸው ልጆች ዳቦና አይብ በመሰጠቱ መምህርቷን በጥቅስ ይገሥጻል፤ ፀጉሯ በተፈጥሮ የተጠቀለለ ልጅ ሲያይ ይቆረጥ ይላል። ወዲያው ሚስቱና ልጆቹ በቬልቬት፣ በሐርና በፀጉራም ልብስ አጊጠው ይገባሉ፤ ሚስቱ የተጠቀለለ አርተፊሻል ፀጉር አድርጋለች። ብሮንቴ አስተያየት አትጨምርም፤ የልብሱን ዓይነት ብቻ ትዘረዝራለች። ይህን ከሕይወት ነው ያወቀችው። ሁለት ታላላቅ እህቶቿ ማሪያና ኤልሳቤጥ ከካውን ብሪጅ ትምህርት ቤት ታመው ወጥተው በ1825 ሞተዋል።

እዚያው ሄለን በርንስ አለች። ጄን መጀመሪያ ስታያት የምታነበው መጽሐፍ «ራስላስ» ነው፤ ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል የጻፈው፣ ኋላም የኅሩይ ልጅ ሲራክ ወደ አማርኛ የመለሰው። ከእርካታ ሸለቆ ወጥቶ ደስታን የሚፈልገው ልዑል ደስታዋን በዚህ ዓለም የማትጠብቀው ልጅ እጅ ላይ መገኘቱ የታሰበበት ይመስለናል። ሄለን በግፍ ስትገረፍ ዝም ትላለች፤ ጠላቶቻችሁን ውደዱ የሚለውን ለጄን ታስተምራለች፤ በሳንባ በሽታ ጄን አቅፋት ትሞታለች። ጄን ታፈቅራታለች፣ ግን አትሆናትም። ብዙ አንባቢ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው፤ ሄለንን የደራሲዋ የመጨረሻ መልስ አድርጎ ይወስዳታል። ብሮንቴ ሄለንን ቅድስት አድርጋለች፤ ጄን ግን በሕይወት ኖራ፣ ፈልጋ፣ ተቆጥታ ማመንን መማር አለባት።

ፈተናው ሮቸስተር ነው፤ በቤቱ አስተማሪ ሆና የተቀጠረችለት፣ ኋላም ልታገባው የታጨችለት ሰው። ልትሞሸር ጥቂት ሲቀራት ጄን ራሷ ትናዘዛለች፤ ከፍጡሩ የተነሣ ፈጣሪውን ማየት አቃተኝ፣ ጣዖት አደረግሁት ትላለች። ሠርጉ የሙሽራው ሚስት በሕይወት በመኖሯ ሲፈርስ፣ ከሁሉ ባዶ ሆና በተጋደመችበት አንዲት ነገር ብቻ ውስጧ ትንቀሳቀሳለች፤ እግዚአብሔርን ማሰብ። ከንፈሯ ላይ የሚመጣው መዝሙር 22 ነው (በግዕዙ 21)፤ መከራ ቀርባለችና፣ የሚረዳኝም የለምና፣ ከእኔ አትራቅ። አለመሞትን ከመፈለግ «ከእኔ አትራቅ» እስከማለት ደረሰች።

በዚያው ቀን ሮቸስተር ይለምናታል፤ ዘመድ የለሽም፣ ማን ይጎዳል ይላታል። መልሷን ልብ በሉ። ሕግና ሥርዓት ፈተና ለሌለበት ጊዜ አይደለም፤ ሥጋና ነፍስ ሲያምፁበት ለሚመጣው ለእንዲህ ያለው ሰዓት ነው። ጎሕ ሳይቀድ ወጥታ ትሄዳለች። ገንዘቧን በሙሉ፣ 20 ሽልንግ፣ ለሠረገላ ትከፍላለች፤ ትንሿን ጥቅሏን ሠረገላው ላይ ትረሳለች፤ ለዐሣማ ሊጣል የነበረ የረጋ ገንፎ ለምና ትበላለች። ብሮንቴ ጽድቅን የመረጠች ልጅ ወዲያው ስትሸለም አታሳየንም።

ሁለተኛው ፈተና ከመጀመሪያው ይረቅቃል። በስደቷ ቤቱ ያስጠጋት ቄስ ሴንት ጆን ሪቨርስ እውነተኛ አማኝ ነው፤ እንደ ብሮክልኸርስት ግብዝ አይደለም። ሕንድ ለስብከት ሊሄድ ነው፤ ጄንን አግቢኝ ይላታል፣ ሳይወዳት። የተፈጠርሽው ለሥራ ነው፣ ለፍቅር አይደለም ይላታል። እንደ እህት ልሂድ ስትል እንቢ ማለቷን እግዚአብሔርን እንደ መካድ ይቆጥረዋል። ሮቸስተር ሕጉን ጥሳ ፍቅርን እንድትይዝ ጠየቃት፤ ሪቨርስ ፍቅርን ጥላ ሕጉን ብቻ እንድትይዝ ይጠይቃታል። ልትሸነፍ ስትል የምትለምነው አጭር ነው፤ መንገዱን አሳየኝ። ያን ጊዜ የሮቸስተርን ድምፅ ከሩቅ ትሰማለች። ክፍሏ ገብታ ትቆልፍና በራሷ መንገድ ትጸልያለች፤ ከሴንት ጆን የተለየ፣ ግን በራሱ የሚሠራ መንገድ ትለዋለች። ልጅቷ አድጋለች የምንልበት ቦታ ይህ ነው፤ ጸሎቷን ሌላ ሰው አይመራላትም።

ሮቸስተርም በበኩሉ፣ በእሳት ዓይኑንና አንድ እጁን ካጣ በኋላ፣ አጭር ግን ከልብ የሆነ ጸሎት መጸለይ ጀምሯል። በዚያችው ሌሊት ስሟን ሦስት ጊዜ እንደጠራ ሲነግራት ጄን መስማቷን አትገልጥለትም፤ በልቧ ትይዘዋለች። ሉቃስ 2፥19ን የሚያውቅ አንባቢ ቃሉ የማን እንደሆነ ወዲያው ያውቃል። መጽሐፉ የሚዘጋው ደግሞ በጄን ደስታ አይደለም፤ ሕንድ ሞቱን በሚጠብቀው በሴንት ጆን ቃል ነው፤ አሜን፣ ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ ና። ያላገባችውን፣ ያልተስማማችበትን ሰው ብሮንቴ የመጨረሻውን ቃል ሰጠችው።

በ1848 ኤልሳቤጥ ሪግቢ የተባለች ሐያሲ መጽሐፉን ፀረ ክርስትና ብላ ጻፈች። ብሮንቴ አስቀድማ በሁለተኛው እትም መቅድም ላይ መልሳለታለች፤ ልማድ ግብረገብ አይደለም፣ ራስን ማጽደቅም ሃይማኖት አይደለም።

ለማንበብ ለተነሣ ሰው

ያልተቀነሰ እትም መያዛችሁን ክሩሶን ገልጣችሁ አረጋግጡ። የመጀመሪያው እትም በምዕራፍ የተከፈለ አልነበረም፤ ስለዚህ በደብተሩ ውስጥ ከጁን 16 እስከ ጁላይ 4 ያሉትን ቀኖች ፈልጉ። ሕልሙና የሐዋርያት ሥራ 5፥31 ከሌሉ ሌላ እትም ፈልጉ። ጄን ኤር 38 ምዕራፍ አለው። አንዳንድ እትም በሦስት ጥራዝ ከፍሎ ቁጥሩን እንደገና ይጀምራል፤ ምዕራፍ 27 የተባለው በዚያ የሦስተኛው ጥራዝ ምዕራፍ 1 ነው። ጊዜ ያነሰው ሰው 4ን፣ 6ን፣ 7ን፣ 9ን፣ ከ26 እስከ 28፣ 34ን፣ 35ንና የመጨረሻዎቹን ሁለት ቢያነብ የጸሎቱን ክር ሳይቆርጥ ይይዛል።

ጸሎት የሌለበትን መጽሐፍ በዚህ መስፈርያ መሞከር ለሚፈልግ የጆርጅ ኤልየት «ሳይላስ ማርነር» (1861) አለ። ደራሲዋ (የወንዱ ስም የብዕር ስሟ ነው) ራሷ በወጣትነቷ እምነቷን ትታ ነበር። ሳይላስ በማኅበሩ ውስጥ ዕጣ ተጥሎበት በሐሰት ሌባ ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ አይጸልይም፤ አሥራ አምስት ዓመት ሸምኖ ወርቅ ይቆጥራል። ጎረቤቱ ዶሊ ዊንትሮፕ በስብ የተጋገረ ቂጣ ታመጣለታለች፤ ላዩ ላይ የኢየሱስ ስም ምልክት የሆኑ ፊደላት ተወግተዋል። ዶሊ ማንበብ አትችልም፤ ፊደላቱ ቤተ ክርስቲያን ላይ ስላሉ ብቻ በጎ ነገር መሆናቸውን ታምናለች። ሳይላስ ያነባቸዋል፤ ትርጉማቸውን ግን አያውቅም። ቂጣውን ይቀበላል፤ ከቂጣው ጋር የመጣው ትንሽ ልጇ አሮንም ቆሞ የገና መዝሙር ይዘምርለታል።